ያረጀ የመስኖ ሞተር በውርጭ አገር

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ በበሬሳ ወንዝ ዳር ባለችን ማሳ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ድንች በመስኖ እናለማለን። ውሃውን ከወንዙ ስቦ ወደ ማሳው የሚያወጣልን፣ አባቴ አገልግሎት የሰጠ ሆኖ የገዛው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተርና ሞተሩ በቺንጋ (በማዞሪያ ቀበቶ) የሚያዞረው ፓምፕ ነው። ሞተሩ እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፤ በላዩ ላይ አፉ ክፍት የሆነ የውሃ ሳጥን አለው። ውሃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ይቆምና ሲሞቅ እየፈላ በእንፋሎት ይወጣል፤ የጎደለውን እኛ እየጨመርን እንሞላለን። በአካባቢያችን ብዙ አርሶ አደር የሚጠቀመው እንዲህ ያለውን ሞተር ስለሆነ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የደረሰብንን ጉዳትና ከዚያ ወዲህ የምንከተለውን አሠራር በዝርዝር ማስፈር ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የሞተር መመሪያዎች ስለ ብርድ ሲያስረዱ የሚያስቡት ክረምቱ በረዶ የሆነበትን አገር ነው። በዚያ አገር ብርዱ ሲመጣ የጀልባውም የእርሻውም ሞተር ሥራ ያቆማል፤ ባለቤቱ ውሃውን በዓመት አንድ ጊዜ አፍስሶ፣ ዘይቱን ለውጦ፣ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክረምቱ ዝናብ በመሆኑ ሞተሩ የሚያርፈው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ውርጩ የሚወርደው ግን ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ማለትም ሞተሩ ያለ እረፍት በሚሠራበት በመስኖው ወራት ነው። ስለዚህ ሌላው በዓመት አንዴ የሚሠራውን እኛ በየማታው ልንሠራው ይገባል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሪቱ የቀን ሙቀቷን ወደ ሰማይ ለቅቃ ትቀዘቅዛለች፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ከባድ በመሆኑ ከተዳፋቱ እየወረደ በወንዙ ዳር ይተኛል። ሞተራችን የቆመው ከሁሉ በላይ ብርድ በሚሰበሰብበት ቦታ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከቤታችን ደጃፍ አመዳይ ባልታየበት ማለዳ እንኳ በወንዙ ዳር ያለው ሣር ነጭ ለብሶ ያድራል።

በዚያ ኅዳር የመስኖ ውሃ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት የሰጠን ተራ ጎሕ ሲቀድ የሚጀምር ነበር። ማታ ሥራ ስጨርስ፣ ከአባቴ እንደተማርኩት፣ ከሞተሩ ጎን በታች ያለውን የማፍሰሻ ቧንቧ ከፈትኩ፤ ውሃው ወረደ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። የፓምፑን የታች ቡሎንም ፈታሁ፤ ጥቂት ጭቃማ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ ሲያቆም ባዶ ሆኗል ብዬ መልሼ አሰርኩትና ወደ ቤት ሄድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስመለስ ሣሩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። ማኖቬላውን፣ ማለትም ሞተሩን በእጅ የምናዞርበትን ብረት፣ ይዤ ለማስነሣት ስሞክር ሞተሩ ጥቂት ዞረና ቺንጋው ተወጥሮ ቆመ። ጨለማ ስለነበረ አላስተዋልኩም፤ ዘይቱ ከብርዱ የተነሣ ወፍሮ ነው ብዬ አሰብኩና በኃይል ደግሜ አዞርኩት። ቺንጋው ተንሸራቶ ሞተሩ ተነሣ፤ ፓምፑ ግን አልዞረም። በባትሪ መብራት ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ከፓምፑ ሆድ በታች በኩል አንድ ስንዝር የሚሆን ስንጥቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ፣ በስንጥቁ አፍ ላይ በረዶው እንደ ነጭ ክር ወጥቶ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኩት በቅርብ ወዳገኘሁት ብየዳ ቤት ነው። ባለሙያው ሥራ በዝቶበት ስለነበር ስንጥቁን እንደ ተራ ብረት በየደልኝ፤ ፓምፑ አንድ ቀን ሠርቶ በማግስቱ ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ አወጣ። የፓምፑ አካል ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ባለሙያዎች ጊዛ የሚሉት ነው። ጊዛ ጠንካራ ቢሆንም አይለጠጥም፤ አስቀድሞ በዝግታ ሳይሞቅ ከተበየደና ከተበየደም በኋላ በአመድ ወይም በአሸዋ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ካልተደረገ፣ አንዱ ክፍል ሲሞቅ ሌላው ቀዝቅዞ ስለሚጎትተው እንደገና ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው የጊዛ ብየዳ ልምድ ያለውን ባለሙያ ፈልጎ እንዲያሠራ፣ ካላገኘ ደግሞ ገንዘቡን በብየዳ ላይ ሳያባክን አዲስ የፓምፕ አካል እንዲገዛ እመክራለሁ። እኛ በመጨረሻ ከመርካቶ አስመጣን። በዚህ መካከል ዘጠኝ ቀን ያለ ውሃ ቆየን፤ ነጭ ሽንኩርቱ ገና ሥር በሚሰድበት ጊዜ ስለነበር ከማሳው አንድ ሦስተኛው ቢጫ ሆኖ ቀረ።

አዲሱን አካል የገጠሙልን በዕድሜ የገፉ፣ በወፍጮ ሞተር ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው። ስለ ፓምፑ ከነገርኳቸው በኋላ ወደ ሞተሩ ዞረው፣ «ለራስህ በጥቅምት አንድ አጥንት ትላለህ፤ ለዚህስ ምን አሰብክለት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርሱንማ በየማታው አፈስሰዋለሁ» ብዬ መለስኩ። ቧንቧውን ከፍቼ እንዳሳያቸው አዘዙኝ፤ ከፈትኩት፤ ውሃው ወርዶ ቆመ። «አለቀ?» አሉኝ፤ «አለቀ» አልኩ። ከመሣሪያ ሣጥናቸው የቆየ የብስክሌት ራጂ (የጎማ ሽቦ) አወጡና ጫፉን ትንሽ ቆልመው በተከፈተው ቧንቧ አስገቡት። ሦስት አራት ጊዜ ወደ ውስጥ ገፋ መለስ ሲያደርጉት መጀመሪያ እንደ ቡና አተላ ያለ የዝገትና የደለል ጭቃ ወጣ፤ ከዚያ ቀይ ውሃ እንደገና መፍሰስ ጀመረና ብዙ ቆየ። በጆግ ስንሰፍረው ሁለት ሊትር ገደማ ሆነ። ያ ሁሉ ውሃ በየሌሊቱ በሲሊንደሩ ግርጌ ተቀምጦ ያድር ነበር። ሞተሩ እስከዚያ ቀን ያልተሰነጠቀው ግዙፉ ብረት ማታ ይዞት የሚያድረው ሙቀት ቶሎ ስለማያልቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ የበረታ አንድ ሌሊት ቢመጣ ኖሮ ከፓምፑ የከፋ ኪሳራ ይደርስብን ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ዋና ምክር ያለው። ቧንቧው መፍሰሱን ማቆሙ ሞተሩ ባዶ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የወንዝ ውሃ ደለል ይዞ ይገባል፤ ውሃው እየፈላ በሄደ ቁጥር ደለሉና ጨው መሰል ነጩ ቅርፊት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚያ ላይ የብረቱ ዝገት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ የሚረጋው በሳጥኑ የመጨረሻ ዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ የማፍሰሻው ቀዳዳም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሲያረጅ ከላይ ያለውን ውሃ ያሳልፍና የመጨረሻውን ይይዛል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚሰፋ፣ መጀመሪያ ላዩ ረግቶ ክዳን ሲሆንበት ከሥር የቀረው ውሃ መሄጃ ያጣል፤ በዚያን ጊዜ ሊለጠጥ የማይችለው ጊዛ ይሰነጠቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ልኬታ እናደርጋለን። ሞተሩ ቀዝቃዛና ባዶ ሳለ በተለካ ጀሪካን እስከ አፉ እንሞላዋለን፤ ስንት ሊትር እንደገባ እንጽፋለን፤ ከዚያ ምንም ሳናስነሣው አፍስሰን የወጣውን እንሰፍራለን። ከገባው የወጣው ካነሰ ውስጥ የቀረ ውሃ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ራጂው ብቻ አልበቃንም፤ የማፍሰሻ ቧንቧውን ራሱን ከሥሩ ፈትተን ስናወጣው ሰፊው ቀዳዳ ተገኘና በእርሱ በኩል ደለሉን በሽቦ እየፋቅን፣ ከላይ በባልዲ ውሃ እየለቀቅን፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አጠብነው። ልኬታው አንድ ሌላ ነገርም አሳየን። ሞተሩ የቆመበት ድንጋይ ከማፍሰሻው በተቃራኒ በኩል ትንሽ ዘንበል ያለ ነበር፤ ሁለት ጣት የማትሞላ ዝንባሌ አንድ ጆግ ውሃ ታስቀራለች። ድንጋዩን ቆፍረን ሞተሩ ወደ ማፍሰሻው በኩል በጥቂቱ እንዲያጋድል አደረግን። አሁን የምንሞላውንም ውሃ በነጠላ ጨርቅ እናጠልላለን፤ በክረምት የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሲኖረን ደግሞ ለሞተሩ እርሱን እናስቀድማለን።

የፓምፑ ነገር ከሞተሩ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በእርሱ ነው። በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ፣ በወንዙ ውስጥ፣ ወንፊትና አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ክዳን ያለው ፉት ቫልቭ አለ። ሥራው ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ወንዙ እንዳይመለስ መያዝ ነው። ቫልቩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ቱቦውም ፓምፑም ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እንደያዙ ያድራሉ ማለት ነው። በተጨማሪም ከላይ ያለው የመሙያ ቡሎን ሳይፈታ የታቹ ብቻ ቢፈታ፣ አየር ስለማይገባ ውሃው ጥቂት ወርዶ ይቆማል፤ ልጆች ባዶ ሸምበቆ ውሃ ውስጥ ነክረው ላዩን በጣታቸው ሲደፍኑት እንደሚሆነው ማለት ነው። የእኔም ስሕተት አንዱ ይህ ነበር። ስለዚህ ማታ ሥራ ስንጨርስ ሞተሩን ወዲያው አናጠፋውም፤ ነዳጁን ቀንሰን አምስት ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲዞር እንተወዋለን። ካጠፋን በኋላ በፉት ቫልቩ ክዳን ላይ ያሰርነውን ገመድ ስበን ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ወንዙ እንመልሳለን፤ የፓምፑን የላይ ቡሎን አስቀድመን፣ የታቹን አስከትለን እንፈታለን፤ ራጂውን በታችኛው ቀዳዳ እናስገባለን፤ በመጨረሻም ቺንጋውን በእጅ እየሳብን ፓምፑን አምስት ስድስት ጊዜ እናዞረዋለን፤ ምክንያቱም ውስጥ ያለው ባለ ክንፍ ኢምፔለር በክንፎቹ መካከል ውሃ ይዞ ይቀራል። ቡሎኖቹ በዚያ ሌሊት መልሰው አይታሰሩም፤ በአንዲት ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይቀመጣሉ።

የሞተሩን ውሃ የምናፈሰው ለብ ሲል ነው። በጣም ትኩስ ሳለ እጅ ያቃጥላል፤ ጨርሶ ከቀዘቀዘ ደግሞ ደለሉ ስለሚረጋ አብሮ አይወጣም። ቧንቧው ተከፍቶ፣ የሳጥኑም አፍ ሳይከደን ያድራል፤ ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ቆርቆሮ ጣል ይደረግበታል። በማኖቬላው ላይ «ውሃ የለውም» ተብሎ የተጻፈበት እንጨት እናንጠለጥላለን። ይህን የጀመርነው ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን እኔ ሞልቼዋለሁ ብሎ አስቦ ያለ ውሃ ሊያስነሣው ሲል ደርሼ ካስቆምኩት በኋላ ነው። ባዶ ሞተር ሲዞር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፒስቶኑ ከካሚቻው (ከሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ) ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ከውርጭ ያዳኑትን ሞተር በዚህ ማጣት ይቅር የማይባል ነው። ማኖቬላውን የሚያነሣ ሰው ጽሑፉን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም።

ምናልባት ማታ ሳይፈስ አድሮ በማለዳ በረዶ ያዘ እንበል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በፍጹም አይደረግም። አንደኛው በኃይል ማዞር ነው፤ የረጋው በረዶ ኢምፔለሩን ይሰብራል፣ ወይም ዘንጉ ላይ ያለውን የውሃ መከላከያ ጎማ ይቀድዳል። ሁለተኛው በአካባቢያችን የተለመደው፣ ከሥሩ ኩበት አንድዶ ማሞቅ ወይም የፈላ ውሃ ማፍሰስ ነው። በበረዶ የቀዘቀዘ ጊዛ በድንገት አንድ ጎኑ ሲሞቅ ውርጩ ያልሰነጠቀውን እሳቱ ይሰነጥቀዋል፤ በናፍታና በዘይት የረከሰ ሞተር ሥር እሳት ማንደድም ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ ብረቱን እስክታሞቀው መጠበቅ፣ ከቸኮሉ ደግሞ በለብታ ውሃ የተነከረ ጆንያ አልብሶ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ይሻላል። ከተላቀቀ በኋላ ከመነሣቱ በፊት ሞልቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማየት ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ ካለ የሚያንጠባጥበው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። የዘይቱንም መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ማየት ይገባል፤ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ቡና ከሆነ ውሃ ወደ ውስጥ ገብቷልና ሞተሩ መነሣት የለበትም።

ለመኪና የሚደረገውን ፀረ በረዶ ፈሳሽ ለምን አትጨምሩበትም ብለው የጠየቁኝ አሉ። ራዲያተርና ክዳን ላለው ሞተር መልካም ነው፤ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቢደባለቅ በእኛ አገር ከሚወርደው ውርጭ እጅግ የበረታውን ይቋቋማል፤ የአጎቴ የወፍጮ ሞተር የሚያድረው በእርሱ ነው። ክፍት ሳጥን ላለው ሞተር ግን አይሆንም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ይፈላል፣ በየሰዓቱ ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል፣ አንዳንዴም ገንፍሎ ይፈስሳል፤ ድብልቁ ማታ ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፈሳሹ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻም ጥጃም ይልሰዋል፤ ከወንዝ ዳር ከብት በሚጠጣበት ቦታ ልናፈስሰው አይገባም።

ሰኔ ገብቶ መስኖው ሲያበቃ ሌላው ሥራ ይጀመራል። ክረምቱ አይሰነጥቅም፤ ነገር ግን ጉሙና እርጥበቱ ቀስ ብሎ ያዝገዋል። ዘይቱን የምንለውጠው ከማስቀመጣችን በፊት ነው እንጂ መስከረም ስናወጣው አይደለም፤ ያገለገለ ዘይት አሲድና እርጥበት ስለያዘ ሦስት ወር ሙሉ ብረቱን እየበላ ይቆያል። ሞተሩን አሙቀን፣ ትኩሱን አፍስሰን፣ አዲስ ሞልተን ለጥቂት ደቂቃ እናዞረዋለን፤ እንዲዳረስ ነው። ቀድሞ 40 ቁጥር ዘይት እንጠቀም ነበር፤ በኅዳር ማለዳ እንደ ማር ስለሚወፍር አሁን በብርድ ያን ያህል የማይወፍረውን 15 ደብሊው 40 የተባለ ዘይት እንጨምራለን፤ ማኖቬላውን የማዞሩ ድካም በግልጽ ቀንሷል። የናፍታውን ታንክ እስከ አፉ እንሞላዋለን፤ ጎዶሎ ከሆነ በባዶው ግድግዳ ላይ ጤዛ እየያዘ ወደ ነዳጁ ይንጠባጠባል። የአየር ማጣሪያውን አውልቀን ግማሽ የቡና ሲኒ የሚሆን ንጹሕ ዘይት በአየር መግቢያው እናስገባና መጭመቁን የምታስለቅቀውን ትንሽ እጀታ ይዘን ሞተሩን በእጅ ብቻ ቀስ ብለን እናዞረዋለን። ከዚያ እጀታዋን ለቀን መጭመቁ እጅን መግፋት በሚጀምርበት ቦታ ላይ እናቆመዋለን፤ በዚያ ቦታ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሆኑ ጉሙ ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ በጣሳ እንከድነዋለን፤ ቺንጋውን እናላላዋለን፤ ቱቦዎቹን ውሃቸውን ጨርሰን አይጥ እንዳይደርስባቸው በጎጆው ማገር ላይ እናንጠለጥላቸዋለን፤ በተላጡት ብረቶች ላይ ግራሶ እንቀባለን። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ፓምፑን በእጅ አንድ ዙር ማዞር የዘንጉ ጎማ ደርቆ እንዳይጣበቅ ይረዳል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሞተሩን ስናወጣ በመጀመሪያ የምናነሣው ጣሳውን ከማርሚታው ላይ ነው፤ ረስቶት ያስነሣ ጎረቤት አውቃለሁ። የናፍታ ማጣሪያውን የታች ቡሎን ፈትተን ውሃ ካለ እናወጣለን፤ ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ከዚያ ልኬታውን አድርገን፣ ራጂውን በማኖቬላው ጎን በክር አስረን፣ ሳጥኑን መልሰን በውሃ ሞልተን፣ ነዳጁን ዘግተን በእጅ ሃያ ዙር ያህል እናዞርና ዘይቱ ከተዳረሰ በኋላ ነዳጁን ከፍተን እናስነሣዋለን። በሲሊንደሩ የተቀመጠው ዘይት እስኪነድድ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ያ አያስደነግጥም። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከአጠገቡ አንለይም፤ በየሃያ ደቂቃው እያቆምን የዘይቱን ቀለም፣ የፓምፑን ሆድ በታች በኩልና የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በክዳኑ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ እየጠረግን እንመለከታለን።